ከመስኮቱ የወጣ ሰው የት ደረሰ?

ጅማ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ መድኃኒት ቤት የቆመ ሁሉ «ዶክተር» ነው። «ዶክተርዬ፣ ይቺን ነጯን ስጪኝ» ይሉኛል፣ ከኪሳቸው የተጨማደደ ባዶ ማሸጊያ አውጥተው። መጀመሪያ ሰሞን «ፋርማሲስት ነኝ» እያልኩ አርም ነበር። ደከመኝና ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ከአሜሪካ ደወለች። የፈቃድ ፈተናዋን ሁሉ አልፋ «ሬዚደንት ሆንኩ» አለችኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበርና እናቴ ቡና እየቆላች ሰማች። «እሰይ! ሐኪም ሆነች?» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አልፈርድባትም። እኛ አገር ሬዚደንት ሲባል የሚታየን ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አድሮ ጠዋት ራውንድ ላይ ቆሞ የሚያንቀላፋ ሐኪም ነው።

ለእናቴ ያስረዳሁትን ለእናንተም ላስረዳ። እዚያ ፋርማሲስት ከተመረቀ በኋላ ከፈለገ አንድ ዓመት ደመወዝ እየተከፈለው በነባር ፋርማሲስት ሥር ይሠለጥናል። ነባሩ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይጠይቀዋል። አብዛኛው ሥልጠና ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ለሰፈር ፋርማሲ ተብሎ የተዘጋጀም አለ፣ ጓደኛዬ የገባችው እሱን ነው። ሁለተኛ ዓመት የሚጨምሩት ደግሞ ካንሰር፣ ሕፃናት፣ ፅኑ ሕሙማን፣ ተላላፊ በሽታ እያሉ አንዱን ይይዛሉ። ነገሩ የትናንት አይደለም፤ ሃርቪ ዊትኒ የሚባል ፋርማሲስት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመራቂዎችን እንዲህ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ በአገሪቱ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ከሐኪሞች ጋር አልጋ ለአልጋ እየዞሩ፣ ቻርት እያነበቡ፣ መጠን እያሰሉ መማር ማለት ነው። እኔም የዚያ ትምህርት ውጤት ነኝ። ብቻ ያ ሁሉ የሚያዘጋጀው ለአልጋው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒት የምንሰጥበት የፋርማሲው መስኮት ነው።

ማስተርስ ከመግባቴ በፊት አራት ዓመት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እርስ በርስ መሰማማት በማይቻልበት ሰዓት፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ነጠላዋን ተከናንባ ገባች። ሜትሮኒዳዞል የሚባል የኢንፌክሽን መድኃኒት ማዘዣ ይዛለች። ቆጥሬ ሰጠኋት፤ «አልኮል እንዳትጠጪበት» አልኳት፤ ከፈለች፤ ወጣች። ሌላ እጇ ላይ ፌስታል ነበር። በፌስታሉ ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን ጫፍ ይታየኛል። አይቼዋለሁ። ወረፋው ረዝሞ ነበርና አልጠየቅኳትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዋርድ ላይ፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቯ የተጎዳ አንዲት ወጣት ተኝታለች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ድዷ ይደማል፣ አፍንጫዋ አልቆም ብሏል። የደሟን መርጋት የሚለካው አይኤንአር የሚባለው ምርመራ (ቁጥሩ ሲጨምር ደሙ ቶሎ አይረጋም) እንደ እሷ ላለ ሕመምተኛ ከ2 እስከ 3 ቢሆን ነው የሚፈለገው፤ የእሷ ከ8 በላይ ሆኖ መጣ። ለካ ከአምስት ቀን በፊት ሜትሮኒዳዞል ጀምራለች። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን እንዳያፈርሰው ይይዘዋል፤ ዋርፋሪኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በመጀመሪያ ዲግሪም ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ።

ሲኒየሩ «ማን ነው የሰጣት?» ሲል አንዱ «ከተማ ካለ ፋርማሲ» አለ። ዓይኔን ቻርቱ ላይ ተከልኩ። ይቺኛዋ ያቺ ናት አልልም፤ መልኳም አይመሳሰልም። ግን ያ ፌስታል መጣብኝ። የያዘችው ዋርፋሪን ይሁን የሳል ሽሮፕ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዋርድ ላይ ስትሳሳት ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ ስህተትህን አልጋው ላይ ተኝቶ ታገኘዋለህ። ከመስኮት የወጣ ሰው ግን ወሬው አይመጣም። ያልተመለሰ ደንበኛ ድኖም ይሆናል፣ ብሶበትም ይሆናል፣ መርካቶ ያለው ፋርማሲ በአሥር ብር ረክሶለትም ይሆናል። ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት የቆመ ፋርማሲስት «ልምድ አለው» ይባላል። ምን አይቶ?

እናም ጓደኛዬን ስለ ደመወዟ ሳልጠይቅ መጀመሪያ የጠየቅኳት «የሰጠሻቸው ሰዎች የት እንደደረሱ ታውቂያለሽ?» ብዬ ነው። «ሥራዬ እኮ እሱ ነው» አለች። ለሕመምተኞቿ ትደውላለች፣ ቀጠሮ ሰጥታ መልሳ ታያለች፣ ያየችውን ለሐኪማቸው ትጽፋለች፤ አሠልጣኟ ደግሞ የእሷን ጽሑፍ በቀይ ይመልስላታል። ቀናሁ።

አሁን የምሠራበት ፋርማሲ አምና የተመረቀ አንድ ልጅ ተቀጥሯል። ጎበዝ ነው፤ የመድኃኒት ጠባይ ስትጠይቁት እንደ ዳዊት ይወርደዋል። አንድ ቀን አስም ያለባቸው እናት መጡና «እስቲ አጠቃቀሙን አሳያቸው» አልኩት። ቬንቶሊኑን፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ አንስቶ ሳይነቀንቅ፣ ትንፋሹን ሳያወጣ፣ አፉ ላይ አድርጎ ጫን አደረገው። እማማ «አሃ፣ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ሃይላንድ አመጣን፤ ግማሽ ሊትር የሚይዘውን። ቂጡን በቬንቶሊኑ አፍ ልክ በምላጭ ቀደድን፤ አስገብተን ዙሪያውን በፕላስተር አሸግነው። እማማ ዕቃውን ነቀነቁ፣ ትንፋሻቸውን አወጡ፣ የሃይላንዱን አፍ በከንፈራቸው ያዙ፣ አንዴ ሲጫን ቀስ ብለው ሳቡ፣ እስከ አሥር ያዙት። «ጉሮሮዬን አልከረከረኝም» አሉ። ልጁ ሃይላንዱን እያገላበጠ ሲያይ ቆየ። በማግስቱ ጠዋት መደርደሪያ ሥር ሦስት የተቀደዱ ሃይላንዶች ደርድሮ ጠበቀኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ደብተር አወጣን። የሰውየው ስም፣ ስልክ፣ የሰጠነው መድኃኒት፣ ያልጠየቅነው ነገር። አዎ፣ ያልጠየቅነው፤ ሰው ከወጣ በኋላ ትዝ የሚለን አይጠፋም። በአራተኛው ቀን ልጁ ይደውላል። የፋርማሲው ባለቤት ለካርድ የሚወጣው ገንዘብ አልጣማቸውም፤ «መድኃኒት ሸጠን ወሬ እንገዛለን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ደብተሩ በሁለት ሳምንት ሞላ። አንድ ሃጂ ለስኳር ግሊቤንክላማይድ በቀን አንዴ ይወስዳሉ። ጾሙ ሲገባ ጠዋት የሚወስዱትን ወደ ሱሁር፣ ከንጋት በፊት ወደሚበላው ምግብ፣ አዞሩት፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምግብ የለም፤ የዐስር ሰላት ሲደርስ ስኳራቸው ወርዶ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ጾሙ ነው፣ ዕድሜም ነው» ብለው ለማንም አልተናገሩም። ልጁ ደውሎ ባይጠይቃቸው ኖሮ እኛም አንሰማም ነበር። ስኳር ክሊኒክ ከወረቀት ጋር ላክናቸው፤ ክኒኑ ወደ ኢፍጣር ዞረ።

ልጁ በዚህ ተበረታታና የዋርፋሪን ተጠቃሚዎቹን ራሱ ያዛቸው። ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ ናቸው፤ አምስት ሚሊግራሟን ክኒን ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጠው በምላጭ ለሁለት ይከፍሏታል። ሁዳዴ ስለሆነ ምን እንደሚበሉ ጠየቃቸው። «ምን ይበላል ልጄ፣ ሽሮና ጎመን ነው፤ ጎመኑ ጠዋትም ማታም አለ» አሉት። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ከጾሙ በፊት በሳምንት አንዴ ይበሉት የነበረው በቀን ሁለቴ ሲሆን ደሙ መርጋት ሊጀምር ይችላል። ልጁ ይህን በደንብ አስረዳቸው፤ አይኤንአር እንዲለኩም ላካቸው። አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ፤ ምንም ያጎደለው አልመሰለኝም።

ትናንት አራተኛ ቀናቸው ነበር፤ ደወለ። «እንዴት ነዎት እትዬ? … እሺ … እሺ … ኧረ እሱን አላልኩም …» ስልኩን ዘጋና ዞሮ አየኝ።

«ምነው?»

«ጎመኑን ጨርሰው ተውት። ‹መርዝ ነው ብለኸኝ የለ› ይሉኛል። ሦስት ቀናቸው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ልጁም እኔም «ሳይበዛ ሳይቀንስ፣ ሁልጊዜ እኩል» የምትለዋን አላልናትም። አሁን ጎመኑ በአንዴ ሲቀር ዋርፋሪኑ ወደ ሌላው ጎን፣ ወደ መድማት፣ ሊያዘነብል ነው። ደብተሩን ስቤ «ያልጠየቅነው» በሚለው ሥር «ያልነገርነው» የሚል መስመር አሰመርኩ።

«መልሰህ ደውል» አልኩት።

«አያነሱም፤ ቅዳሴ እየገቡ ነው።»

«ሲወጡ ደውላ።»