ልጆቹ ሲስቁ ፍንጩን አሳልፍ

ባለፈው ስለምሠራው አጭር የምርመራ አኒሜሽን መክፈቻ ትዕይንት ከጻፍኩላችሁ ወዲህ የሚበዛው ጥያቄ ስለ ወፉ፣ ስለ አባ ኮዳ ነው። ወፉ ያወራል ወይስ ዝም ይላል? መርማሪዋን ያግዛታል ወይስ ሥራዋን ያበላሽባታል? መልስ ስላልነበረኝ እርሳሱን አስቀምጬ የሰው ሥራ ማየት ጀመርኩ። ሰሞኑን ማታ ማታ ከእህቴ ልጆች ጋር ለቤተሰብ የተሠሩ የምርመራ አኒሜሽኖችን እያየን ነው፤ እነሱ ሊስቁ፣ እኔ ደብተር ይዤ የሚስቁበትን ቦታ ልመዘግብ። የምከታተለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀልደኛው አጃቢ ምስጢሩ ላይ ምን ሥራ አለው?

አዲስ ለተቀላቀላችሁ፣ የምሠራው አጭር ፊልም ታሪኩ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ከጀልባ ተቆጥሮ የወረደው ቆሮሶ ዓሳ ሚዛን ላይ ሲወጣ ይጎድላል። ሰው ሁሉ ጦጣዎቹን ይጠረጥራል። እናቷ ዓሳ ሾርባ የምትሸጥ ቲጂ የምትባል ልጅ ሌባውን ላጋልጥ ብላ ትነሳለች። አብሯት የሚዞረው አባ ኮዳ ነው፤ ያ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ዓሳ የሚበልቱት ልጆች ትርፍራፊ እስኪጥሉለት ሲጠብቅ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስለው ወፍ።

ደብተሬ ላይ ደጋግሞ የወጣው ነገር ይኸውላችሁ፤ ጎበዝ ደራሲ ፍንጩን የሚደብቀው ቀልደኛው ጋ ነው። ልጅ ሲፈራ ዓይኑን ያፈጣል፣ የማያየው ነገር የለም። ሲስቅ ግን ጥርጣሬውን ይጥላል። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያስቀመጥክለትን እንኳ አያነሳም።

(ከዚህ በታች የፊልሞቹን መጨረሻ እናገራለሁ፤ ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ብዙ የቆየሁት የ2016ቱ «ዙቶፒያ» ላይ ነው። ባይረን ሃዋርድና ሪች ሙር ያዘጋጁት ነው። ጥንቸሏ ፖሊስ ጁዲ የጠፋ ሰው፣ ማለቴ የጠፋ እንስሳ እንድታገኝ የተሰጣት 48 ሰዓት ነው። አብሯት የሚዞረው ኒክ የሚባል አጭበርባሪ ቀበሮ ነው። የመኪና ታርጋ ሊያጣሩ መንጃ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ሲገቡ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጡት ሠራተኞች በሙሉ ስሎዝ ናቸው፤ በዓለም ላይ ከእነሱ የሚዘገይ አጥቢ እንስሳ የለም። ፍላሽ የተባለው ሠራተኛ አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ሌላዋ ጋ እስኪደርስ የእህቴ ትንሹ ልጅ ሶፋው ላይ ቆሞ «ኧረ ቶሎ በል!» ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኸ። ወረፋ ጠብቆ መስኮት ሲደርስ «ሲስተም የለም» ለተባለ ሰው ይህን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀልዱን ስፈታው ያገኘሁት ይህን ነው። በዚያ ሰዓት ታሪኩ ያጠረው ጊዜ ነው፤ ቀልደኛው የሚበላውም ያንኑ ጊዜ ነው። ኒክ ይባስ ብሎ ስለ ባለ ሦስት ሻኛ ግመል ቀልድ ይነግረዋል። የፍላሽ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ እስኪሞላ ካሜራው አይነቃነቅም። ሳቁ አለቀ፣ ተገላገልን ስንል ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ያንኑ ቀልድ ሊነግራት ይጀምራል። ከቢሮው ሲወጡ መሽቷል፣ ሊሄዱበት ያሰቡት ቦታም ተዘግቷል። ይህን ትዕይንት ከፊልሙ ብታወጡት ታሪኩ ይጎድላል። እኔ ከዚህ በኋላ ቀልድ ስጽፍ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቲጂ አሁን ምን አጥሯታል?» የሚለውን ነው። በነገራችን ላይ የፍላሽ ድምፅ ሬይመንድ ፐርሲ ነው፤ እሱ ራሱ የስቶሪቦርድ፣ ማለትም ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ትዕይንቶቹን በተርታ የሚነድፍ ሠዓሊ ነው። ሥዕላችንን እያሳየን በአፋችን ድምፅ የምናስመስል ሰዎች ልባችን ሞቅ ይበል።

የፍንጩ አደባበቅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጁዲ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ትንሽ ሌባ አይጦች በሚኖሩበት ሰፈር ውስጥ ታሯሩጠዋለች። ትዕይንቱ ሳቅ በሳቅ ነው። ሌባው የያዘው ከረጢት ውስጥ ያለው ሽንኩርት የሚመስል ነገር ነው፤ አለቃዋም ለበሰበሰ ሽንኩርት ከተማውን አመስሽ ብሎ ይቆጣታል። እኛም ስቀን አለፍን። የምስጢሩ ሁሉ ቁልፍ ግን ያ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ነበር። የካሮት ቅርጽ ያላት ድምፅ የምትቀዳ እስኪብርቶም እንዲሁ ናት። መጀመሪያ የምናያት ጁዲ አጭበርባሪውን ስታጭበረብርበት፣ እንደ መጫወቻ ነው። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛዋን የምታስይዘው እሷ ናት። ኒክ መኪና ውስጥ አፉን እየሞላ የሚበላው ብሉቤሪ እንኳ በከንቱ አልተበላም። ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ጥፋተኛዋ ራሷ በቀልድ ተሸፍና መኖሯ ነው፤ ከንቲባው የሚያንገላታት፣ የምታሳዝንና የምታስቅ ሚጢጢ በግ ናት። ሲያስቁን የከረሙትን ሰው መጠርጠር እንዴት ይከብዳል!

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ፊልም መጀመሪያ ሲታሰብ ባለታሪኩ ቀበሮው ኒክ ነበር፤ ሥራው ብዙ ከሄደ በኋላ ነው ጁዲን ወደ ፊት፣ ኒክን ወደ ጎን ያደረጉት። ኒክ የከተማዋን ጉድ ሁሉ ያውቃል፣ ጁዲ ምንም አታውቅም። ከማያውቀው ጋር ስንሄድ አብረን እናጣራለን፤ የሚያውቀው ደግሞ ከጎን ሆኖ ይቀልዳል። እኔም ቲጂና ወፉን በዚህ ዓይን እንደገና አየኋቸው።

በ1986 የወጣው የዲዝኒው መርማሪ አይጥ ፊልም ላይ ሌላ መንገድ አገኘሁ። መርማሪው ባዚል የሚባል አይጥ ነው፤ ረዳቱ ዶክተር ዶውሰን ደግሞ ደልዳላ፣ ጨዋና ግራ የሚጋባ ነው። እኔን የሳበኝ ግን የጠላት ወገን ቀልደኛ ነው፤ ፊጂት የሚባል፣ አንድ እግሩ እንጨት የሆነ የሌሊት ወፍ። አለቃው አምጣ ያለውን ዕቃ ዝርዝር ይዞ መጫወቻ ቤት ገብቶ፣ ሲደናበር ወረቀቱን ጥሎት ይሄዳል። ባዚል ያንን ወረቀት በቤተ ሙከራው መርምሮ ነው የወንዙ ዳር መሸሸጊያቸውን የሚያገኘው። እንግዲህ መርማሪህ በጣም ጎበዝ፣ ጠላትህም በጣም ጎበዝ ከሆነ ፍንጭ ከየት ይመጣል? ከጠላት ቀልደኛ እጅ ይወድቃል። ሲወድቅም ማንም «ይሄማ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው» አይልም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝርክርክ መሆኑን አይተነዋልና። የእኛም ተረት ይህን ያውቃል። ጅቡ ሞኝ ነው፣ ያስቃል፣ ግን ይበላል። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ ነው ጥበቡ።

ስኩቢ ዱ በሚባለው የፈሪው ውሻ የምርመራ ካርቱን ላይ ብዙ አልቆየሁም። ከ1969 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ፈሪዎቹ፣ ውሻውና ጓደኛው፣ ሲሸሹ ግድግዳ ተደግፈው ስውር በር ይከፈታል። ይሠራል፣ ግን አንዴ ከገባችሁ ቀድማችሁ ትጠብቁታላችሁ። ከእሱ የወሰድኩት የሥዕሉን ነገር ነው። ሠዓሊው ኢዋዎ ታካሞቶ የዝርያው ውሻ መልካም መልክ ምን ምን እንደሆነ ከአርቢ ጠይቆ፣ ሁሉንም ገልብጦ ነው የሳለው፤ ቀጥ ያለውን እግር ቆልመም፣ ቀጥ ያለውን ጀርባ ጎበጥ። የጃፓኑ መርማሪ ኮናን ፊልሞች ላይ ያለው ሌላው መርማሪ ኮጎሮ ደግሞ ሌላ ሙያ አለው። በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ ይናገራል። ተመልካቹ በልቡ ይዞት የነበረውን ቀላል ግምት እሱ ጮክ ብሎ ተናግሮ ውድቅ ያስደርገዋል፤ እኛም ስቀንበት ወደ ከባዱ ጥያቄ እንሻገራለን። የእኔ «ጦጣዎቹ ናቸው!» ባይ ዓሳ የሚበልተው ልጅ ከዚያ ነው የመጣው።

በጀት ለሌለን ሰዎች ግን ትልቁ ትምህርት ቤት የ1993ቱ የዋላስና የግሮሚት ፊልም ነው፤ ኒክ ፓርክ የሠራው፣ ግማሽ ሰዓት የሚሆነው፣ ፔንግዊኑ ሌባ ያለበት። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቀልደኛው ሰውየው ዋላስ ነው፣ መርማሪው ዝም ያለው ውሻው ግሮሚት ነው። ውሻው አፍ እንኳ የለውም። ያለው ቅንድብና ዓይን ነው፤ በእነሱ ብቻ ይጠራጠራል፣ ይናደዳል፣ ተስፋ ይቆርጣል። ፔንግዊኑ ደግሞ ራሱ ላይ ቀይ የጎማ ጓንት አድርጎ ዶሮ ነኝ ይላል፤ በቃ፣ ሰውየው ያምናል። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ ግን የታየኝ ይህ ነው፤ ያ ጓንት የሚያስቀን እኛ እውነቱን ስለምናውቅ ነው። ውሻውና ልጆቹ ያውቃሉ፣ ትልቁ ሰው አያውቅም። ልጅ ከትልቅ ሰው በላይ ማወቁን ሲያይ ፊልሙ የእሱ ይሆናል።

ይህን ሳስብ ትዝ ያለኝ እንቆቅልህ ነው። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ተባብለን፣ መልሱ ሲጠፋ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ሀገር የተሰጠው ሰው ግን መልሱን ወዲያው አይናገርም። በተሰጠው ሀገር ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ የተሸነፈውን እንደ ጉድ ይሰድበዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚወጣው። ሳቁ በጥያቄና በመልስ መሃል ነው የተቀመጠው፤ ልጁን በጉጉት አንጠልጥሎ ያቆያል። አያቶቻችን የምርመራ ፊልም ሳያዩ የሳቁን ቦታ አውቀውታል ማለት ነው።

የማልወደውንም ልናገር። አንዳንድ ፊልም ላይ ቀልደኛው በፍርሃቱ መሃል ገብቶ ፍርሃቱን ያፈርሰዋል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ጨለማው ኮሪደር ላይ እያሉ አንዱ ፈስቶ ይቀልዳል። ይስቃሉ፣ እውነት ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ አያስፈራቸውም። ጭንቀትን ማላላት ያለበት በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው ባይ ነኝ። ሌላው አፉን የማይዘጋ ቀልደኛ ነው። የምናየውን መልሶ የሚነግረን ከሆነ ፍንጭ የሚደበቅበት ዝምታ የለም።

ወደ አሞራ ገደል ስንመለስ፣ አባ ኮዳ አያወራም። ተወስኗል። እውነተኛው ወፍም ቢሆን የሚታወቀው ምንቃሩን በማንኳኳት ነው፤ ስለዚህ ንግግሩ ቋ ቋ ቋ ይሆናል። አሳሳሉ ላይ ዓይኑንና የአንገቱን ከረጢት ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ሲጠራጠር ከረጢቱ ትንሽ ይነፋል።

አሁን የፍንጩ ነገር። አባ ኮዳ ያገኘውን ሁሉ እንደሚውጥ ዳር ያለ ሰው ያውቃል። በሁለተኛው ትዕይንት አንድ ነገር ከመሬት አንስቶ ይውጣል። ከዚያ ሊበር ክንፉን ዘርግቶ፣ ሮጦ፣ ሮጦ፣ ቂጡ መሬቱን እየጎተተ ዓሳ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ለልጆቹ በስልኬ ስቶሪቦርዱን ሳሳያቸው እዚህ ላይ ሳቁ። የዋጠው የነጋዴውን የሚዛን ድንጋይ ነው፤ «1 ኪሎ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ግን ከኪሎ በላይ የሚመዝን። ዓሳውን የሚሰርቀው ጦጣ አይደለም፣ ሚዛኑ ነው። መጨረሻ ላይ ወፉ ሲተፋው ቲጂ ከሌላ ኪሎ ጋር ትመዝነዋለች፣ ሳህኑ ወርዶ ቋ ይላል።

ትልቋ ልጅ ወዲያው «ምንድን ነው የዋጠው?» ብላ ጠየቀች፤ ትንሹ አልጠየቀም። ስለዚህ መዋጡን ወደ ኋላ ገፋሁት። አሁን ፊት ለፊት የቲጂ እናት አንዱን ደንበኛ በሾርባ ዕዳ ስትሞልጭ እናያለን፤ ወፉ ከትከሻዋ ኋላ፣ በትንሹ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ይውጣል። በሩጫው የተሳቀው ሳቅ ሲመጣ ጥያቄው ይረሳል። ሳሳያት ትልቋም አልጠየቀችም። ሁለተኛ ጊዜ አሳይን ብለው ሲያዩት ግን ራሳቸው አግኝተው ጮኹ፤ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

የቀረኝ ድምፁ ነው። የምንቃሩን ቋቋታ በሁለት እንጨት ሞክሬው የበር ማንኳኳት ሆኖብኛል፤ ከእውነተኛው ብቀዳ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎቹ ሳይገቡ አሞራ ገደል እገኛለሁ። የንፋስ መከላከያ ያለው ማይክ ያላችሁ አውሱኝ፤ ሾርባው በእኔ ነው።