የአደባባዩና የመቅደላው

ዛሬ ከፖስታ ቤት ወደ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። የቸርችል ጎዳና ዳገት ሁልጊዜ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያስቆመኛል። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ነው እላለሁ እንጂ የሚያስቆመኝ መድፉ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ በዚህ ይዛኝ ስታልፍ ቀሚሷን ጎትቼ አስቆማት ነበር። አንድ ቀን ሲሰለቻት «ይሄ እኮ አምሳያው ነው፤ ዋናው ያለው መቅደላ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሴባስቶፖል ሁለት ሆነብኝ፤ የማየውና የማላየው። (በመይሳው ካሳ ላይ የዘመተው ጦር የእንግሊዝ ሆኖ ሳለ፣ መድፉን በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም በሚጠራ ጎዳና ላይ ማቆም የማን ሐሳብ እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።)

ሥራ ይዤ የመጀመሪያውን የዓመት ፈቃድ ባገኘሁ ጊዜ በደሴ አድርጌ ተንታ ገባሁ። አቧራውን ልለፈው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አንድ የአገሬው ልጅ መንገድ ሊያሳየኝ ተነሳን። በልጅነቴ በሐሳቤ የሳልኩት መቅደላ እንጦጦን የሚመስል ነበር። ፊቴ የተገተረው ግን አናቱን በቢላ የተቆረጠ ድፎ ዳቦ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ ላዩ ሜዳ።

የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ለምዷል ብዬ ተመጻድቄ ነበር። ዳገቱ መሐል ላይ ሳንባዬም ጫማዬም አብረው ከዱኝ። ልጁ ኮንጎ ጫማውን አድርጎ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይጠብቀኛል። የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ሲንጠለጠል ቢያይ ከኪሱ የማዳበሪያ ከረጢት ክር አወጣና ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረልኝ። አልሳቀብኝም።

የያዝኩት ሁለት ጠርሙስ ውኃና አንድ ጋቢ ነበር። ያ መድፍ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ጋፋት ላይ ተሠርቶ ከደብረ ታቦር እስከዚህ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተጠረገ ነው የተጎተተው፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። የበሽሎን ሸለቆ ወርደው፣ እንደገና ሽቅብ! በልጅነቴ የምወደው የታሪኩን መጨረሻ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የተተኮሰችውን ሽጉጥ ነበር። እዚያ ዳገት ላይ ጉልበቴን ይዤ ስቀመጥ ግን ሽጉጧ ትዝ አላለችኝም። ትከሻ ነው ያሰብኩት፤ ጠፍር የላጠው ትከሻ።

መድፉ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ጠንክራለች። መዳፌን አሳረፍኩበት፤ እንደ ምጣድ ይፋጃል። አጎንብሼ አፉን ባየው፣ እረኞች የወረወሩት ጠጠርና አንድ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለበት። የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ራበኝ። ልጁ የቋጠረውን ቆሎ ዘረጋልኝና ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባም እንዲህ ያለ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?»

«አለ። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ።»

ቆሎውን እያኘከ ትንሽ አሰበ።

«እሱንስ ማን ጎተተው?»

«በመኪና ያመጡት ይመስለኛል» አልኩት።

ያን ጊዜ ሳቀብኝ።