ደርበን የከፈልን ጊዜ

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከኮሌጅ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ወሎ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ወረዳ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የያዝኩት ሥራ የሴፍቲኔት ፔሮል፣ ማለትም የክፍያ ዝርዝር ነው። ከየቀበሌው አቴንዳንስ፣ ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ፣ ይመጣል፤ ስሙንና ቀኑን አመሳክሬ ፔሮል እሠራለሁ። ከዚያ ከገንዘብ ያዡና ከአንድ ፖሊስ ጋር ቀበሌ ወርደን እንከፍላለን።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝናብ ይጠፋል፣ የርዳታ ጥሪ ይደረጋል፣ እህሉ እየተጎተተ ይመጣል። እህሉ ሲደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ጨርሷል። ነፍሱን ያተርፋል፣ ጥሪቱን ግን አጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢመጣ እንኳ የሚያርስበት የለውም። ሴፍቲኔት ይህን ለማስቀረት ታስቦ የመጣ ነው። በየዓመቱ እህል የሚያልቅበት ቤተሰብ አስቀድሞ ይለያል፤ ሳይቸግረው በፊት ክፍያው እንዲደርሰው ይደረጋል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። አቅመ ደካማው ሳይሠራ በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል።

ሂሳቡ ቀላል ነበር። በቤት ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። የቀኑ ክፍያ 6 ብር ነው። አራት ነፍስ ያለበት ቤት 20 ቀን ሠርቶ 120 ብር ያገኛል። ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ ነው።

በስልጠናው ላይ ክፍያው ወቅቱን የጠበቀና አስቀድሞ የሚታወቅ መሆን እንዳለበት ደጋግመው ነግረውናል። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ጽፌው አለፍኩ። ለእኔ ዋናው ነገር ሂሳቡ መግጠሙ ነበር። አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል የሰው ገንዘብ ለሰው ከደረሰ ሥራዬን ሠራሁ ማለት ነው ብዬ አምን ነበር።

የየካቲት ወር ፔሮል ላይ፣ ከወረዳው ዳር ያለ የአንድ ቀበሌ አቴንዳንስ ተዛብቶ መጣ። አሥራ አራት ሰው ስሙ ከተጠቃሚ መዝገቡ ጋር አልገጠመም። አንዱ የአባቱ ስም ተቀይሯል፣ አንዷ የሠራችው ቀን ለቤተሰቧ ብዛት ከሚታሰበው በልጧል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። አሥራ አራቱን ለይቼ ለቀሩት ከሦስት መቶ በላይ ለሚሆኑት አባወራዎች መክፈል እችል ነበር። አላደረግሁትም። ቀበሌው ሩቅ ነው። መኪናው ሦስት ሰዓት ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በእግር ነው። ነዳጅ አለ፣ አበል አለ። እናም ለኃላፊዬ፣ «አቴንዳንሱ ይስተካከልና የካቲትንና መጋቢትን ደርበን እንክፈል፤ ገንዘቡ እንደሆነ የትም አይሄድ» አልኩት። ተስማማ። እንዲያውም ወጪ ቆጠብክ ተብዬ ተመሰገንኩ።

ሚያዝያ መግቢያ ላይ ወረድን። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘረጋን። ሰዉ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ ይጠብቀናል። ያን ቀን ለሁሉም ድርብ ስለሆነ ደስታ ጠብቄ ነበር። አራት ነፍስ ላለው ቤት 240 ብር ማለት ቀላል አይደለም። ሰልፉ ግን ዝም ብሏል። ከሰልፉ ወዲያ፣ ከግንዱ ሥር፣ ካፖርት የደረቡ ሦስት አራት ሰዎች ቆመዋል። ሰልፉ ውስጥ የሉም፣ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም።

አንዲት እናት ተራዋ ደረሰ። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ የቀረች ናት። የአራቱን ነፍስ ሃያ ቀን ብቻዋን ነው የምትሠራው። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አስነክታ ፔሮሉ ላይ አተመች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጣቷን ድንጋይ ላይ ጠረገች። ነጠላዋ ታጥቦ ነጭ ሆኗል፣ እንዳይነካባት ነው። ብሩን ሁለቴ ቆጠረች። ወደ ግንዱ ሄደችና ካፖርት ለደረበው ሰውዬ ቆጥራ ሰጠችው። ተመልሳ ደግሞ ለባለሱቁ ሰጠች። የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። አንድ ቋጠሮ።

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለምሳ ስንነሳ ጠጋ አልኩና፣ «እትዬ፣ ለሰውዬው የሰጡት የምን ነው?» አልኳት።

«የብድር ነው ወንድማለም» አለች። ቁጣ የለባትም። ተራ ነገር እንደምትነግረኝ ሁሉ ነው የምታወራው። «ብሩ በመጋቢት መግቢያ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ቀረ። ሃምሳ ብር ወሰድኩ፤ ይኸው ስልሳ መለስኩ።»

ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረችኝ። በዚያ አገር የመኸሩ እህል በጥር ያልቃል። የበልጉ እስከ ሐምሌ አይደርስም። መጋቢት ማለት ጎተራው ባዶ የሆነበት ወር ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ እያለች ጠበቀች። በሁለተኛው ሳምንት ሃምሳውን ብር ተበደረች። በሦስተኛው ሳምንት በጓን ሸጠች። ያላት አንዲት በግ ናት፣ እርጉዝ ነበረች።

«በስንት ሸጧት?»

«በዘጠና አምስት። ምን ይደረግ፣ ያን ቅዳሜ አገሩ ሁሉ በግ እየጎተተ ገበያ ወጣ። ገዢው ደግሞ ቸግሮን እንደመጣን ያውቃል።»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ነቃ። ከሦስት መቶ ቤት በላይ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሲቀርበት ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ይሸጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። እኛ ደግሞ ድርቡን ብር ስናመጣ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ሊገዛ ይወጣል። በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ገበያ ወርጄ ጠየቅሁ። እንደ እሷ ያለች በግ 160 ብር ገብታለች። ስልሳውን ለአበዳሪው፣ አርባውን ለባለሱቁ ከፍላ በእጇ የቀረው 140 ነው። ልጆቿ አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳይበሉ ቢውሉ እንኳ በጓን አትመልስም። ፔሮሌ ላይ ግን ሂሳቡ ገጥሟል። አንድ ብር አልጎደለም።

ከዚህ የባሰውን መጨረሻ ላይ ነው የነገረችኝ። የመጀመሪያ ልጇ አራተኛ ክፍል ነበረች። በአራተኛው ሳምንት ከተማ ላለች ዘመድ ልጅ እንድትይዝላት ሰደደቻት። «አንድ አፍ ይቀንስልኛል ብዬ ነው» አለች። ይህን ስትል አላየችኝም። የነጠላዋን ቋጠሮ እየፈታች መልሳ ቋጠረችው።

«ባለሱቁ ተጨማሪ ዱቤ አይሰጥም ነበር?» አልኳት።

«ይሰጣል እንጂ። ‹መቼ ትከፍይኛለሽ?› አለኝ። ቀኑን ባውቀው ኖሮ እነግረው ነበር። መልስ አጣሁ።»

መልስ ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ይህን ዛሬም ስጽፈው ይከብደኛል። ብሩን አልበላሁባትም፣ አልቀነስኩባትም። ቀኗን ነው የወሰድኩባት። ለካ ለደኸየ ቤት ቀኑ ከብሩ እኩል ዋጋ አለው። ቀን ያለው ሰው ያለ ወለድ ዱቤ ያገኛል። ቀን ያለው ሰው በጉን ለፋሲካ ገበያ ያቆያል። ልጁን «እስከ አምስት ታገሺ» ብሎ ትምህርት ቤት ይልካል። ቀን የሌለው ሰው ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ዛሬ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። አበዳሪውም ወለዱን የሚተምነው በዚህ ነው፤ ሰውዬው ማምለጫ እንደሌለው ሲያውቅ።

ሰኞ ቢሮ ገባሁና ያየሁትን ለኃላፊዬ ነገርኩት። በቁጥር ነገርኩት፤ ቁጥር ይሰማል። የቆጠብነውን ነዳጅና አበል አስቀመጥኩ። ከአጠገቡ አንዲት ሴት ብቻዋን የከሰረችውን ጻፍኩ፦ በጓ ላይ 65 ብር፣ ወለዱ 10 ብር። በሦስት መቶ ቤት ለማባዛት አልሞከርኩም፤ ሁሉም በግ አልሸጠም። ግን እሱም ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያየው ቆየ። ልጅቷን ወረቀቱ ላይ የማሰፍርበት ቦታ አላገኘሁም፤ በቃሌ ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተቀየረ። ትልቅ ነገር አይደለም። አቴንዳንስ ወር በገባ በ22 ይዘጋል ተባለ። የተዛባ ስም ካለ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ሌላው ግን ይከፈለዋል። የክፍያው ቀን ወር በገባ በ5 ሆነ። ቀኑ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በቅሬውም፣ ማለትም በእድሩ፣ ተነገረ። በደጋው ቀበሌ ላሉት የግብርና ባለሙያዎች አቴንዳንሱን በጊዜ እንዲያደርሱ ራሴ እየሄድኩ ለመንኩ፣ አንዳንዴም ተጨቃጨቅሁ። ግንቦት ላይ መኪናው ተበላሽቶ ሦስት ቀን ዘገየን። ያኔ ግን አስቀድመን መልእክት ላክን። ባለሱቁ «በስምንት ነው ተብሏል» ብሎ ዱቤውን ሳይከለክል ቆያቸው። ያን ጊዜ ማንም በግ አልሸጠም።

«ገንዘብ በየወሩ ከተሰጠው ሰዉ ጥገኛ ይሆናል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቢሮ ውስጥም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያቺን ሴት ከጥር እስከ ሰኔ፣ በወር ሃያ ቀን፣ ተዳፋቱ ላይ ድንጋይ ተሸክማ እርከን ስትክብ አይቻታለሁ። ከእርከኑ ተመልሳ ደግሞ የራሷን ማሳ ታርማለች። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ሥራ እንዲለምድ መመከር አይደለም። ያለችውን ትንሽ ነገር ከእጁ የማያስጥለው ገቢ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። በ6 ብር የሚገዛው እህል ተመናምኖ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ። ያም ቢሆን ገበያውን አልደረሰበትም። በቀኑ የመጣ ብርም ቢሆን የሚገዛው ሲያንስ እንደሚያንስ ያን ዓመት በደንብ አየሁ። በቀኑ መምጣቱ ሁሉንም ነገር ይፈታል አልልም። ግን ቀኑ ስለታወቀ ሴቶቹ አንድ ነገር አደረጉ፣ እኔ ያላሰብኩትን። ስድስት ሆነው እቁብ ጀመሩ። በወር ሃያ ሃያ ብር። ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ክፍያ ነው፣ ስድስት ዕጣ። እቁቡ የሚጣለው እኛ በምንመጣበት ቀን፣ እዚያው ቀበሌው በር ላይ ነው። ያለ ቀን እቁብ የለም። መቼ ብር እንደምታገኝ የማታውቅን ሴት ማን ሰብሳቢ ነው የሚቀበላት?

እሷ በሚያዝያ ደረሳት። 120 ብሩ ላይ ጥቂት ጨምራ ሴት በግ ገዛች።

ልጅቷም ለሚሌኒየሙ መስከረም ተመልሳ መጥታ ነበር። ያቋረጠችውን አራተኛ ክፍል እንደገና ጀመረች። አንድ ዓመት ባክኖባታል፣ ያንን የሚመልስ የለም።

የ2000ውን የመጨረሻ ክፍያ፣ የሰኔውን፣ ስንከፍል ሐምሌ አምስት ነበር። ዝናቡ ስላስቸገረን ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ አስገባን። ተራዋ ሲደርስ አተመች፣ ጣቷን ግድግዳው ሥር ባለው ድንጋይ ጠረገች፣ ብሩን ሁለቴ ቆጠረች። ከዚያ ነጠላዋን ዘርግታ መቋጠር ጀመረች። አንዱ ቋጠሮ የእህል ነው። አንዱ የደብተር። አንዱ የእቁብ፣ የመጨረሻው ዕጣ። እያንዳንዱን በጥርሷ ይዛ አጠበቀችው።

«የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያው መቼ ነው?» አለችኝ።

«የጥሩ በየካቲት አምስት ይከፈላል» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን ዘለለቻት፣ መስከረም፣ ጥቅምት እያለች እስከ የካቲት ደረሰች። ከዚያ ዘወር ብላ ከኋላዋ ለተሰለፉት ጮክ ብላ ነገረቻቸው፦

«የካቲት አምስት ነው!»