እምነትም ስጦታ ከሆነ

መዳን በጸጋ ነው የሚለውን ቃል የሚክድ ክርስቲያን እምብዛም አይገኝም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ እግዚአብሔር በቸርነቱ የሰጠንን ድኅነት የምንቀበልበት እምነት ራሱ ከማን ነው? ብዙዎቻችን በግልጽ ባንናገረውም፣ ጸጋውን የእርሱ፣ ማመኑን የእኛ ድርሻ አድርገን እናስባለን። በእኔ አስተያየት የሰው ትምክህት መጨረሻ የሚሸሸገው እዚህ ነው፤ በጾሙና በምጽዋቱ መመካትን የተወ ሰው እንኳ «እኔ ግን አመንሁ» እያለ ራሱን ከማያምነው ወንድሙ በላይ ያደርጋልና።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ሲል፣ ስጦታ ያለው እምነትን ነው ወይስ መላውን የመዳን ሥራ በሚለው ላይ ተርጓሚዎች ይለያያሉ፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በዚህ አንድ ጥቅስ ላይ ማቆም አልፈልግም። ይኸው ሐዋርያ ግን ለፊልጵስዩስ ምእመናን በክርስቶስ ማመን እንደ ተሰጣቸው ይጽፋል። በዚያችው ከተማ ሐር ሻጭዋ ልድያ ጳውሎስ የሚናገረውን ታዳምጥ ዘንድ ጌታ ልብዋን እንደ ከፈተላትም የሐዋርያት ሥራ ይተርካል። ሰባኪው ሰብኳል፣ ሴቲቱም ሰምታለች፤ ልብን የከፈተው ግን ከሁለቱም አንዱ አልነበረም።

የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በመጀመሪያ ዘመኑ ጥሪው ከእግዚአብሔር፣ ለጥሪው በእምነት መመለስ ደግሞ ከሰው እንደሆነ ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ396 ገደማ በሚላን ለነበረው አባት ለሲምፕሊቂያኖስ ጥያቄዎች መልስ ሲጽፍ ግን «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» የሚለው የጳውሎስ ቃል አሳቡን አስለወጠው። ሰው በራሱ ፈቃድና ብርታት ጽድቅን ሊፈጽም ይችላል ባለው በጵላግዮስ ላይ ክርክር የተነሣው ከዚህ ከዐሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው፤ ይህን የማነሣው ትምህርቱ ባላጋራን ለመርታት ሲባል ብቻ የተፈጠረ የሚመስላቸው ስላሉ ነው።

ከእርሱ በኋላም ነገሩ አልበረደም። በደቡብ ጎል (በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሳይ) የነበሩ መነኮሳት ጵላግዮስን ባይከተሉም፣ የእምነት ጅማሬ ከሰው ፈቃድ ሊመጣ ይችላል ይሉ ነበር፤ ሁሉ ስጦታ ከሆነ ተጋድሎና ተግሣጽ ምን ይረባል የሚለው ሥጋታቸውም በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። በ529 በዚያው አገር በኦራንዥ ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት የእምነት ጅማሬም ሆነ የማመን ፈቃዱ ከጸጋ ነው ብለው ወሰኑ። በዚያው ጉባኤ እግዚአብሔር አንዳንዶችን ለክፋት አስቀድሞ ወስኗል የሚለውን አሳብ በብርቱ ቃል አወገዙ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ሁለተኛው ነው። የሰውን ነጻ ፈቃድ አጥብቆ ያስተማረው ዮሐንስ አፈወርቅ እንኳ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ ክርስቶስ ባይመጣና ባይጠራን ኖሮ እንዴት ማመን እንችል ነበር ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ እምነት የጎደለው ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? በማርቆስ ወንጌል የታመመ ልጁን ያመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮኽ ማመኑን የራሱ አድርጎ ይናገራል፣ ጉድለቱን ግን እንዲሞላለት ክርስቶስን ይለምናል። ክርስቶስም እምነትህን ሞልተህ ተመለስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ስጦታ መሆኑ ልመናን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ይህ ጩኸት ባልተሰማ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ጸሎትም ወደዚሁ ይመራል። ላላመኑት እንዲያምኑ እግዚአብሔርን እንለምናለን፤ ማመን ፈጽሞ በሰውየው እጅ ብቻ የተያዘ ቢሆን ግን ልመናችን ለእርሱ ለራሱ መሆን በተገባው ነበር። አውግስጢኖስ በመጨረሻ ዘመኑ ይህንኑ ጸሎት ለማስረጃ አቅርቦታል። ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ያልተሰጠው ስለ ምን ነው የሚለውን ግን እርሱም አልፈታውም፤ ጳውሎስ «ፍርዱ እንዴት የማይመረመር ነው» ካለበት አላለፈም።