የእማማ መቃብር ላይ ምን ይቀረጽ?

የእማማ ሙት ዓመት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እማማ የምላት አያቴን ነው፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ሐውልት ሠሪ ጋ ሄጄ ነበር፤ ገና ሳልቀመጥ «ፎቶዋን ይዘሃል?» አለኝ። ፎቶ አልፈለግኩም። «እንግዲያ ምን ይቀረጽበት?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ማታ ስልኬ ላይ የድሮ የውጭ አገር መቃብሮችን ሳይ አመሸሁ። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንድና እንግሊዝ ውስጥ የራስ ቅል፣ የተጠላለፈ አጥንትና የአሸዋ ሰዓት ይቀርጹ ነበር። ክንፍ ያለው ሰዓትም አለ። በዚያ የሚያልፈውን ሰው «ጊዜህ እየበረረ ነው፣ አንተም ትሞታለህ» ማለታቸው ነው። ዘላለምን ደግሞ የራሱን ጅራት በነከሰ እባብ ያሳዩታል፤ ክብ ስለሆነ መነሻም መጨረሻም የለውም። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን እባብ ለኛ አዳምንና ሔዋንን ያሳተ ነው፣ እማማ ራስጌ አላኖረውም።

የራስ ቅሉን ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ እማማ በጀልባ ዘጌ ወስዳኝ፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ካለው የስቅለት ሥዕል ፊት አቆመችኝ። ከመስቀሉ ሥር አንድ የራስ ቅል ተሥሏል። ፈርቼ ቀሚሷን ጨበጥኩ። «አትፍራ ልጄ፣ አባታችን አዳም እኮ ነው። የጌታ ደም ሲነካው ዳነ» አለችኝ። ቀራንዮ ራሱ «የራስ ቅል ስፍራ» ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የነዚያኞቹ የራስ ቅል «ትሞታለህ» ይላል፤ እማማ ያሳየችኝ ግን ሞቶ የዳነ ሰው ነው።

ጢያ ያለው የጥንት መቃብርም ትዝ አለኝ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። ሰይፉን ማንም ያየዋል፤ የአብዛኛው ምልክት ትርጉም ግን ጠፍቷል። ያንን ያስቀረጸ ሰው «ልጆቼ ያውቁታል» ብሎ ነበር እኮ! ይኼ በጣም አሳዘነኝ።

ስለዚህ የኛን ትርጉም እዚህ ልጻፈው። የመረጥኩት የእማማ የበዓል ቀሚስ ደረት ላይ የተጠለፈውን መስቀል ነው። ክሩ ይጠላለፋል፣ ይዞራል፣ በራሱ ላይ ይመለሳል፣ ከየትም ጀምራችሁ በጣታችሁ ብትከተሉት እዚያው የጀመራችሁበት ትደርሳላችሁ። ማለቂያ የለውም። ዘላለም ማለት ነው።

ማክሰኞ ቀሚሷን በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ሐውልት ሠሪው የእጁን አቧራ ሱሪው ላይ ጠራረገና ጥልፉን በጣቱ ተከተለው። «ይኼ ሐረግ ቀጭን ነው፣ ድንጋዩ ይላጥብኛል» አለ። ደግሞ ተከተለው። «አወፍረዋለሁ። መስመሩን ግን የትም ቦታ አልቆርጠውም።»

ቀሚሷን እዚያው ተውኩለት።