የደጋ ፊት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እናት ከመንዝ ወደምሠራበት የውበት ሳሎን መጡ። ልጃቸው ናት ይዛቸው የመጣችው። የታናሽየው ሰርግ ደርሷል። ልጅቱ ገና በሩ ላይ ሳለች "ፀረ እርጅናውን ፌሻል ሥሪላት፣ አሥር ዓመት ቀንሺላት" አለችኝ። እሳቸው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ዝም ብለው ያዩኛል።

አሥር ዓመት መቀነስ እንደማልችል እዚያው ነገርኳት። ይህን ለሁሉም ደንበኛ እናገራለሁ፣ አልጋው ላይ ከመተኛታቸው በፊት። ፌሻል፣ ማለትም የፊት ቆዳ እንክብካቤ፣ ሥር የሰደደ መስመር አያጠፋም። የደረቀ ቆዳ ውኃ ሲጠጣ ግን ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይሞላሉ፣ ፊትም ወዝ ያገኛል፣ ፈካ ይላል። ያውም ለጥቂት ቀናት ነው። ይህን ሳልናገር ገንዘብ መቀበል አልወድም።

እዚህ ደብረ ብርሃን ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ነው የሚያታልለን። ቆላ ያለ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ይፈልጋል። እኛ ደጋ ላይ ያለነው ፀሐይን እንከተላታለን። በኅዳር ውርጭ ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፊታችንን እንሰጣታለን። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ጨረሩ ደመናንም ያልፋል። ለዓመታት ቆዳን የሚያሸበሽበውና ማድያትን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ንፋሱ ደግሞ የቀረችውን ወዝ ይወስዳል።

እናትየውን አስቀምጬ መጠየቅ ጀመርኩ። ምን ይቀባሉ? መድኃኒት ይወስዳሉ? ቆዳዎን የሚቆጣው ነገር አለ? "ቫዝሊን ነው፣ አንዳንዴም ቅቤ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ጥያቄ የማበዛው በምክንያት ነው። ሥራ ስጀምር አዲስ አበባ አንድ ቤት ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ወጣት ምንም ሳልጠይቃት ግላይኮሊክ አሲድ የሚባለውን፣ የቆዳን ላይኛ ሽፋን የሚልጠውን ነገር ቀባኋት። ለካ ለወራት ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያለበት የቆዳ ማቅያ ክሬም ስትቀባ ኖራለች። ያ ክሬም ቆዳን ያሳሳል። ፊቷ ተቃጠለ፣ ሳምንት ሙሉ ቀልቶ ሰነበተ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዛሬም ድረስ የልጅቷ ፊት ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ለእኚህ እናት አሲዱን ተውኩት። አሲድ ያለበት ነገር መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ተቀብቶ ቢያንስ አንድ ቀን መታየት አለበት። እሳቸው ግን ከሩቅ ነው የመጡት፣ ሰርጉም ቀርቧል። ስቲሙንም ተውኩት፤ ጉንጫቸው ላይ ቀጫጭን ቀያይ ደም ሥሮች አየሁ፣ እንፋሎት እነሱን ያባብሳል። በምትኩ ለብ ባለ ውኃ የተጨመቀ ፎጣ ፊታቸው ላይ አደረግሁ። ልጅቱ ትንሽ ቅር አላት፣ ማሽኑን ሁሉ ፈልጋ ነበር።

በወተት መልክ ባለው ማጽጃ ሁለቴ አጠብኳቸው። የመጀመሪያው ጥጥ ጠቁሮ ወጣ፣ የጭስ ቤት ጥላሸት ነው። ቆዳ የሚፈትገውን ስክራብ አልነካሁም። ከዚያ ዘይት እጄ ላይ አሙቄ ማሳጅ ጀመርኩ።

እኔ ፌሻል የምለው ይህንን ነው። ከአንገት ሥር ተነስቼ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ጆሮ፣ ከቅንድብ ወደ ፀጉር መነሻ፣ ሁሌም ወደ ላይ። በዓይን ዙሪያ የምሠራው በቀለበት ጣቴ ብቻ ነው፣ ከሌሎቹ ይልቅ ጫናው ቀላል ስለሆነ። እዚያ ያለው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። መንገጭላቸው ላይ ስደርስ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ አገኘሁት። እዚያ ቆየሁ፣ ክብ ክብ እየሠራሁ። ቀስ እያለ ላላ። በቅንድባቸው መካከል ያለው እጥፋትም አብሮ ላላ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ልጄ፣ አራስ ሳለሁም እንዲህ አልታሸሁ" አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከማሳጁ በኋላ ማስክ አደረግሁላቸው። እሱን አንስቼ፣ ፊታቸው እርጥብ እንዳለ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበትን ሴረም፣ ቀጭን ፈሳሽ ቅባት፣ ቀባሁ። ስሙ አሲድ ይባል እንጂ አይልጥም፣ ውኃ ይዞ የሚያቆይ ነው። በእኛ ደረቅ አየር ግን ላዩ ላይ ክሬም ካልተደረገ ውኃው ይተናል። ብዙ ቤት ይህን ይረሳሉ። መጨረሻ ላይ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መጠኑ) 30 የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ክሬም።

ውድ ነገር ግዙ አላልኳቸውም። "ቫዝሊንዎን አይተዉ፣ ግን ታጥበው ፊትዎ ሳይደርቅ ይቀቡት። ሰንስክሪኑን ጠዋት ጠዋት፣ ደመናም ቢሆን። ፀሐይ ሲሞቁ ደግሞ ጀርባዎን ይስጧት" አልኳቸው። ይሄኛው ሳቅ አስያዛቸው።

መስታወት ሰጠኋቸው። ጉንጫቸውን በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ መስታወቱን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ የተሰነጣጠቁ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛባቸው እጆች።

"እነዚህስ?"

ቀጣዩዋ ደንበኛ ደጅ እየጠበቀች ነበር። ይቅርታ ጠይቄያት ተመልሼ ዘይቱን አሞቅሁ።