ምኒልክን ያሳደገው ሰው

አንጎለላን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ እዚያ የተወለደው ምኒልክ ነበር። ሰሞኑን ግን ሌሊት ሌሊት አላስተኛ ያለኝ እሱን ያሳደገው ሰው ነው፤ ቴዎድሮስ።

ሸዋ የመጣው በጠላትነት ነው፤ በ1848 ዓ.ም.፣ ከነገሠ ገና ዓመት ሳይሞላው። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን አጠገብ ታመው ሞቱ። መኳንንቱ አልጋ ወራሹን ምኒልክን ይዘው ሸሹ፤ በረኸት ላይ ተዋጉ፤ ተሸነፉ። ሕፃኑም ተማረከ። በዚያ ዘመን ወግ የተሸነፈ ንጉሥ ልጅ ምን ሊጠብቀው እንደሚችል መገመት አያቅትም። ቴዎድሮስ ግን ወስዶ እንደ አብራኩ ክፋይ አሳደገው፤ ሲጎረምስም ልጁን አልጣሽን ዳረለት። ሸዌ ነኝና ይህን ባነሳሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሰኔ 1857 ላይ ምኒልክ ከመቅደላ አመለጠ። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ተቀብላ ወደ ሸዋ አሳለፈችው። የገዛ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር፤ ቴዎድሮስም ገደለው።

ከዚህ አልፌ መሄድ አቃተኝ። የጠላቱን ልጅ በፍቅር ያሳደገ ሰው፣ ያ ልጅ ስለሄደበት የሌላይቱን እናት ልጅ ገደለ። ከዚያው ፍቅር እንዲህ ያለ ጭካኔ የወጣው ለምን ይመስለኛል? ንቀትን መሸከም ስለማይችል። ረሃብ ችሏል፤ የቋራን በረሃ ችሏል፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው የሰደቡትን መሳፍንት አንድ በአንድ ጥሎ ነግሧል። ያ ስድብ ግን ከውስጡ የወጣ አይመስለኝም። እምቢ ያለው ሁሉ የናቀው፣ የዘገየበት ሁሉ የከዳው ይመስለው ጀመር።

የእንግሊዝም ነገር ከዚሁ ይመነጫል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ቸልተኝነት ያናድዳል፤ እኔንም ዛሬ ድረስ ያናድደኛል። እሱ ግን የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ተከትለው ታሰሩ። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከቀይ ባሕሩ ወደብ ከዙላ ተነሣ። ሁሉን ነገር በእንግሊዝ የሚያላክኩ ሰዎች ይህን መንገድ ረጋ ብለው ቢያዩት ደስ ይለኛል። የትግሬው ካሳ፣ የኋላው አፄ ዮሐንስ፣ አሳለፋቸው፤ ገበሬው እህል ሸጠላቸው። ለንጉሠ ነገሥቱ ብሎ መንገድ የዘጋ አልነበረም። በ1859 ጎንደርን ያቃጠለው፣ አብያተ ክርስቲያኗን የዘረፈው እሱ ራሱ ነውና ማን ይቁምለት?

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ ርቧቸው ጠምቷቸው የጮኹ እስረኞች ቁጣውን ቀሰቀሱት፤ በመቶ የሚቆጠሩትን ፈጀ፤ ብዙዎቹን ከገደል አስወረወረ። በማግስቱ፣ በስቅለት፣ ጦሩ መቅደላ አጠገብ፣ እሮጌ ላይ ተሰበረ። የፋሲካ ማግስት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ሽጉጡን ጠጣ። ስለዚያ ሞት ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። እጅ አልሰጥም ማለቱን አከብራለሁ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አነሣሁባቸው። «ያ ቁጣ ባይኖር መሳፍንቱን ማን ይሰብርልን ነበር?» አሉኝ። ግማሹን እቀበላለሁ፤ ለስላሳ ሰው ያንን ዘመን አይዘጋውም ነበር። «ተፈጥሮው ነው ልጄ፣ ሰው ከተፈጥሮው ወዴት ይሸሻል?» ሲሉ ግን አልተቀበልኳቸውም። በረኸት ላይም እኮ ያው ቁጡ ቴዎድሮስ ነበር፤ የጦርነቱ ትኩሳት ሳይበርድለት ሕፃኑን አተረፈው። ቁጣውን መግዛት ይችል ነበር ማለት ነው። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። የማይችል ቢሆን አዝኜለት በተውኩት፤ እየቻለ የወርቂትን ልጅ መግደሉን ግን ይቅር ልለው እየሞከርኩ አልሆነልኝም።